ተማሪን መላክና የተመለሰውን መቀበል

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚነገርበት ወራት በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ልጁ ወዴት ይሂድ የሚል ነው። በትምህርቱ ብርቱ ሆኖ ለተገኘ ወጣት ከተራው የኮሌጅ ትምህርት ሌላ ሦስት በሮች ይከፈቱለታል። አንደኛው በአገር ውስጥ ለተመረጡ ተማሪዎች የሚሰጠው ልዩ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የመኰንንነት ትምህርት ነው፤ ሦስተኛው ወደ ውጭ አገር ተሻግሮ መማር ነው። ሦስቱም ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የወጣባቸው፣ አባቶች የጀመሯቸውና ልጆች የወረሷቸው መንገዶች ናቸው። ነገር ግን በሩን መክፈትና ተማሪውን ማስገባት የሥራው እኩሌታ ነው እንጂ ሙሉው አይደለም። የቀረው እኩሌታ ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ በሚመጣበት ቀን የሚቆምበትን ስፍራ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ኢትዮጵያ ባለፈው መቶ ዓመት ከተማሩት ልጆቿ ልታገኘው ሲገባት ያላገኘችው ጥቅም፣ አብዛኛው የጠፋው በመላኩ ጊዜ ሳይሆን በመቀበሉ ጊዜ መሆኑን ያለፈው ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የሚጠራው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከአገር ወጥቶ መማር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ገና በልጅነቱ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከአባቱ ቤት ወጥቶ፣ ቍራሽ እየለመነ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ኖሯል። ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ቅኔን ለመቀኘት ወደ ዋሸራ፣ ዝማሬና መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር። ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ተማሪው አስመስክሮ በተመለሰ ጊዜ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ መሪጌታ ሆኖ በቅኔ ማሕሌት ይቆማል፣ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል፣ ደብሩም መተዳደሪያውን ይሰጠዋል። ለዚህ ነው ያ ትምህርት መንግሥት ሳይረዳው፣ ጦርነትና ረኃብ ሳይበግሩት፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው። መምህሩን የሚቀበል ስፍራ ስለ ነበረ መምህሩ አልጠፋም።

ዘመናዊው ትምህርት በመጣ ጊዜ ግን መላኩ ቀደመ፣ መቀበያው ዘገየ። ከአድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩስያ የሄዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በዚያ አገር የመድፈኛ መኰንንነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ኋላም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብን ሥራ መሩ፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ የፋሺስት ኢጣልያ ጦርነት በመጣ ጊዜም በዤኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ማገልገሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተማሩትን የመድፍ ጥበብ ለብዙ ወጣቶች የሚያስተላልፉበት የመኰንኖች ትምህርት ቤት እርሳቸው በተመለሱበት ዘመን አልነበረም። መንግሥት አንድ ሊቅ አገኘ፤ ያ ሊቅ መቶ ተማሪ ሊያፈራበት የሚችለው ወንበር ግን አልተዘረጋም ነበር።

ያ ወንበር የተዘረጋው በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት ነው። በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኰንኖች መጥተው፣ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ጠላት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር ጣሰ። በሚያዝያ ወር ዕጩ መኰንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላም ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ነቀምቴ ሄደው፣ ከውጭ አገር ተምረው ከተመለሱ ወጣቶች ጋር ተባብረው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩ መሪ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ ወር በቦነያ ሦስት የጠላት አውሮፕላኖችን አቃጠሉ፤ ከራስ እምሩ ጋር ሆነው እስከ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተዋጉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጠላት የተማሩትን ወጣቶች እያደነ መግደሉ፣ የተማረ ሰው ለአንድ አገር ምን ያህል ኀይል እንደ ሆነ ጠላት ራሱ መመስከሩ ነው። በዚህ ማኅበር ውስጥ ሦስቱ መንገዶች ተገናኝተው ነበር፤ በአገር ቤት ተመርጠው የተማሩት፣ የጦር ትምህርት የጀመሩትና ባሕር ተሻግረው የመጡት በአንድ ሥራ ላይ ቆሙ። ለሁሉም ግልጽ ሆኖ የታያቸው ሥራ ስለ ነበረ እርስ በርሳቸው ማን ይበልጣል አልተባባሉም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ትምህርትን ከሁሉ ነገር አስቀደመ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በሐረር የጦር አካዳሚ ቆመ፤ በየዓመቱም ብዙ ወጣቶች ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳና ወደ ሌሎችም አገሮች ተላኩ። በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ኢትዮጵያ ራሷ ለሌሎች የአፍሪካ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጠች። ነገር ግን የተመለሱትን መቀበሉ እንደ መላኩ አልቀናም። አቶ ግርማሜ ንዋይ በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ተመልሰው ወላይታን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። በዚያም መሬት ለሌላቸው ሰዎች መሬት ማከፋፈል ጀመሩ፤ ባለ ርስቶች አቤት ባሉ ጊዜ ወደ ጂጂጋ ተዛወሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከክብር ዘበኛ አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ያስነሡት ሁከት ብዙ ሰው አስገደለ፤ ከሞቱት መካከል ቀድሞ የሆለታ ዕጩ መኰንን የነበሩት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ነበሩ። ደም ማፍሰስን ማንም የሚያመሰግነው አይደለም። ነገር ግን የተማረ ሰው ያየውንና ያሰበውን በሥርዓት የሚያቀርብበት ሸንጎ ካላገኘ፣ ዕውቀቱ ወይ ወደ ዝምታ ወይ ወደ ቍጣ እንደሚያዘነብል ይህ ነገር ለአስተዳዳሪዎች ትምህርት ሆኖ ይኖራል።

በዚያው ዘመን የታሰበ አንድ መልካም ሥርዓትም ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄዱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም በትምህርት ቤቶች መምህራን ሆኑ። በዚህ ምክንያት የከተማ ልጅ የገጠሩን ኑሮ በዐይኑ አየ፤ መምህር አጥቶ የነበረው ትምህርት ቤትም መምህር አገኘ። ተማሪው አገልግሎቱ የት እንደሚሆንና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ግዴታው አልከበደውም። ግዴታ የሚያስጠላው መጠኑና ፍጻሜው ያልታወቀ እንደ ሆነ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ተላኩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሐኪም፣ መሐንዲስና መኰንን ሆነው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። በአገር ውስጥ ግን ከዚያ በፊት የተማሩት ይታሰሩና ይሰደዱ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ አልዳነችም። ኋላ በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በአሜሪካ በፕሪንስተን ሲማሩ ሳሉ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተጠርተው መጥተው ጵጵስና ተቀበሉ፤ ወዲያውም ታስረው ብዙ ዓመት በወኅኒ ቆዩ። ከእስራት ከወጡ በኋላ ወደ ፕሪንስተን ተመልሰው ነው የዶክተርነት ትምህርታቸውን የፈጸሙት። ለሹመት የተጠራ ሊቅ በእስር ቤት ከተቀበሉት፣ በውጭ አገር ያለው ሌላው ሊቅ ጥሪ ሲደርሰው የሚያመነታ ስለ መሆኑ ማስረጃ አያስፈልግም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ሠራዊቱ በሙሉ ተበተነ። በሐረር፣ በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በውጭ አገር ለብዙ ዓመት የሠለጠኑ መኰንኖች፣ አብራሪዎችና የአውሮፕላን ጠጋኞች ያለ ሥራ ቀሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን አገሪቱ ከእነዚያው ከተበተኑት ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹን እንደገና ጠራች፤ እነርሱም መጥተው ተዋጉላት። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ አንድ መኰንን ለማሠልጠን ዓመታት ሲያስፈልጉ እርሱን ለመበተን አንድ ቀን እንደሚበቃ ነው። ሁለተኛው፣ የሠለጠነው ዕውቀት የአንድ መንግሥት ሳይሆን የአገር ገንዘብ መሆኑ ነው።

ሌሎች መንግሥታት ይህን ጕዳይ እንዴት እንደሚይዙት መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1854 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለየክፍለ ግዛቱ የመንግሥት መሬት ሰጥቶ የእርሻና የመካኒክ ትምህርት የሚሰጡ ኮሌጆች እንዲቆሙ ሲያደርግ፣ በእነዚያ ኮሌጆች የጦር ትምህርትም እንዲጨመር አዘዘ። በ1908 ዓ.ም. ደግሞ በሕግ የተጠባባቂ መኰንኖች ማሠልጠኛ ተቋቋመ። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የሚወደውን ትምህርት፣ ምሕንድስናም ቢሆን ታሪክም ቢሆን፣ እየተማረ በጎን የጦር ትምህርት ይማራል። ከመንግሥት ገንዘብ ያልተቀበለ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያለ ግዴታ ሊሞክር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለመቀጠል የፈለገ ግን ውል ይፈርማል። ውሉ በመደበኛው ጦርና በተጠባባቂነት የሚቈጠረውን ዘመን ሁሉ ጨምሮ ስምንት ዓመት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ሲመረቅም የምክትል መቶ አለቃነት ማዕርግ ይጠብቀዋል። ከጃማይካ ከመጡ ቤተ ሰብ የተወለዱት ኮሊን ፓውል በኒውዮርክ ከተማ ኮሌጅ በዚህ መንገድ ሠልጥነው በ1950 ዓ.ም. መኰንን ሆኑ፤ ኋላም የአሜሪካ ጦር ኀይሎች ጣምራ ኤታ ማዦር ሹም ለመሆን በቁ። የድኻ ልጅ ከተራ ኮሌጅ ተነሥቶ እስከዚያ ሊደርስ የቻለው መንገዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጠረገ ስለ ነበረ ነው።

ወደ ውጭ አገር በመላክም በኩል እንዲሁ ነው። በ1938 ዓ.ም. በሴናተር ፉልብራይት አሳቢነት የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ከጦርነቱ በኋላ በውጭ አገር የቀረውን የጦር ዕቃ ሽያጭ ለተማሪና ለመምህር ልውውጥ እንዲውል አደረገ። በዚህ መንገድ በመንግሥት ገንዘብ ወደ አሜሪካ የሄደ የሌላ አገር ሰው፣ በዚያ አገር ለመኖር ከመጠየቁ በፊት ሁለት ዓመት በአገሩ መቀመጥ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። እንግዲህ ላኪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ አገር እንኳ ተማሪው ለአገሩ መመለስ እንዳለበት አምኖ ሕግ ሠርቷል። ነገር ግን ሕግ ሰውን እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሊያመጣው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ዓመት የሥራ ዘመን ወይም የመቈጠሪያ ዘመን የሚያደርገው የአገሩ መሥሪያ ቤት ነው።

በኢትዮጵያም መቀበያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መልካም ፍሬ ያፈራበት ሥራ አለ። ከላይ የተጠራው የአሜሪካ የእርሻ ኮሌጅ ሥርዓት በ1944 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ከኦክላሆማ ወደ ዓለማያ መጣ። የኦክላሆማ መምህራን ሲያስተምሩ፣ ከተማሪዎቹ ብርቱዎቹ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ እየሄዱ፣ ተመልሰው የመምህራኑን ወንበር ቀስ በቀስ ተረከቡ። ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል በ1938 ዓ.ም. የቆመው የኢትዮጵያ አየር መንገድም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ አብራሪዎቹና አስተዳዳሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያን ግን በየደረጃው እየሠለጠኑ፣ ከጠጋኝነት እስከ አብራሪነት፣ ከአብራሪነት እስከ ዋና ሥራ አስኪያጅነት ስፍራውን ያዙ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾመለት። መንግሥታት ሲለዋወጡ ይህ ድርጅት ሳይፈርስ ቆይቶ ዛሬ በአፍሪካ ታላቁ አየር መንገድ ሆኗል። ዓለማያና አየር መንገዱ የተሳካላቸው የሠለጠነው ሰው የሚረከበው ወንበር የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለ ታወቀ ነው።

ዛሬ ይህ ነገር ከምን ጊዜውም ይልቅ የሚያስጨንቅበት ምክንያት አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. በተሰጠውም 5.4 ሆኑ። ፈተናው ከስርቆት ከጸዳ በኋላ የታየው ይህ ቍጥር ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ከታች ያለው ትምህርት ገና ብዙ መታረም እንደሚያስፈልገው ነው። ሁለተኛው፣ በእውነተኛ ፈተና ያለፈው ወጣት ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከሠላሳ ተፈታኝ አንዱ ብቻ ባለፈበት አገር፣ ያ አንዱ ተምሮ ሳይመለስ ቢቀር ወይም ተመልሶ ያለ ሥራ ቢቀመጥ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሃያ ዘጠኙም ነው፤ መምህርና ሐኪም የሚሆናቸው እርሱ ነበርና።

በዚህም ላይ ዛሬ ቻይና፣ ህንድ፣ ቱርክ፣ ሀንጋሪያና ሌሎችም መንግሥታት ለኢትዮጵያ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ዕድሉን የሚሰጠው መንግሥት የትምህርቱን ዓይነት በራሱ አሳብ የወሰነ እንደ ሆነ፣ አገሪቱ የማያስፈልጋትን ባለሙያ አብዝታ የሚያስፈልጋትን ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ የሚላከው ተማሪ ቍጥር መብዛቱ ብቻ እንደ ክንዋኔ ሊቈጠር አይገባውም። መቈጠር ያለበት ተመልሶ በተማረበት ሙያ ሥራ ላይ የቆመው ነው።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶች ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ተማሪ የሚልክ ማናቸውም መሥሪያ ቤት፣ የጦርም ቢሆን የሲቪልም ቢሆን፣ ተማሪው ሳይሄድ የሚመለስበትን የሥራ ስፍራ በጽሑፍ ይወስን። ስፍራው ካልታወቀ መላኩ ይቆይ። ሁለተኛ፣ ውሉ ግልጽ ይሁን፤ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ በምን ማዕርግና በምን ደመወዝ፣ ውሉን ማንኛውም ወገን ቢያፈርስ ምን እንደሚሆን ይጻፍበት። ዛሬ ተማሪው ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል፤ መሥሪያ ቤቱ ስፍራውን ካልሰጠው ግን የሚጠየቅ የለም። ውል ግን ሁለቱን ወገን ካላሰረ ውል አይባልም። ሦስተኛ፣ የተመለሰው ሰው በሥራው ላይ ያየውን ጕድለትና ያሰበውን ማሻሻያ ለአለቃው በጽሑፍ እንዲያቀርብና መልስም እንዲያገኝ ሥርዓት ይሠራ። አራተኛ፣ በአገር ቤት ተመርጦ የተማረው ከውጭ አገር ከተማረው በታች እንዳይታይ ይሁን፤ ሚዛኑ ወረቀቱ የመጣበት አገር ሳይሆን ሥራው ነውና።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ አገሪቱ ድኻ ስለ ሆነች ለተማረ ሰው የሚመጥን ደመወዝ ልትከፍል አትችልም፤ ስለዚህ መሄዱ አይቀርም ሊል ይችላል። ደመወዝ ማነሱ እውነት ነው፤ መሻሻልም ይገባዋል። ነገር ግን ስንቱ ሐኪም በገጠር ሆስፒታል በትንሽ ደመወዝ እየሠራ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። ሰውን ከአገሩ የሚያስኰበልለው ብዙ ጊዜ የደመወዙ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ የተማረውን የሚሠራበት መሣሪያና ቃሉን የሚሰማ አለቃ ማጣቱም ነው። ይህ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የአስተዳደርን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ድኻ አገርም ልታደርገው ትችላለች።

ለካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በየሰበካው ያለ ወላጅ ልጁ ውጭ አገር ሄዶ እንዲቀርለት የሚመኝበት ዘመን ስለ ሆነ፣ አባቶች የቀደመውን የአብነት ትምህርት ሥርዓት ምሳሌ አድርገው ቢያስተምሩ መልካም ነው። ያ ተማሪ ከደብሩ የወጣው ሊቀርበት ሳይሆን አስመስክሮ ሊመለስበት ነበር። ደብሩም ከቅኔ ማሕሌቱ ስፍራውን ጠብቆ ይቆየው ነበር። መንግሥትም ዛሬ ለሚልካቸው ወጣቶች እንዲሁ ቢያደርግ፣ ለልዩ ትምህርት፣ ለመኰንንነትና ለውጭ አገር ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ለአገሩ ይመለሳል።